የሲዶናዋ አረንጓዴ ማኅተም

ድንጋይዋ የአውራ ጣቴን ጥፍር ታክላለች። አረንጓዴ ናት፤ ጥቁር ለመሆን ትንሽ የቀረው አረንጓዴ። ጀርባዋ እንደ ጢንዚዛ ተቀርጿል፤ ክንፉ የሚከፈልበት መስመር፣ ራሱ፣ በጎንና በጎን የታጠፉት እግሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ስትገለበጥ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። እዚያ ላይ የንስር ራስ ያለው አንበሳ ቆሟል። ክንፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ አንድ እግሩን አንስቷል፤ ከፊቱ አንዲት አበባ አለች። ድንጋይዋን ከራስ እስከ ጭራ ቀጭን ቀዳዳ ያልፍባታል፤ ክር የሚገባው በዚያ ነው።

ይህችን ድንጋይ ሰርቃ ነው ያመጣቻት ተብሎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተወርቶብኛል። ወሬውን ያስጀመረችው ታላቅ እህቴ ናት። ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተጋርተን ስለምንኖር የምጽፈውን ታነበዋለች። ታንብበው። ያልሆነ ነገር አልጨምርም፤ የሆነውንም አልቀንስላትም።

ሊባኖስ፣ ሲዶና ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አገሬው ሳይዳ ይላታል፤ እኔ ግን በልጅነቴ በሰንበት ትምህርት የሰማሁት ስም ነው አፌ ላይ የቀረው። የምንከባከባት ሴት አሮጊት ነበረች፤ ዳሌዋ ተሰብሮ በደንብ ያልገጠመላት፣ ምላሷ ግን ምንም ያልሆነ። ልጆቿ ባሕር ማዶ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት እሷ ትጮኻለች፣ እኔ ዝም እላለሁ። በሁለተኛው ዓመት እኔም መጮህ ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ተስማማን።

ድንጋይዋ ከአንገቷ አትወርድም ነበር። የባሏ አባት የብርቱካን ማሳቸው ውስጥ ቦይ ሲያስቆፍር ነው የተገኘችው። ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ አበራለሁ፤ አሮጊቷ የቀለጠውን ሰም ሰሃን ላይ ታንጠባጥብና ቀዝቀዝ ሲል ድንጋይዋን ተጭናበት ታነሳለች። ድንጋዩ ላይ ጭረት የሚመስለው ሁሉ ሰሙ ላይ አብጦ ይወጣል፤ ምንቃሩ፣ የክንፉ ላባ አንድ በአንድ፣ የአንበሳው የእግር ጣቶች። ድንጋዩ ላይ ወደ ግራ የሚሄደው አውሬ ሰሙ ላይ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

"ጠራቢው ሁሉን ነገር በግልባጭ አስቦ ነው የሚሠራው፤" አለችኝ አንድ ቀን። "ይህ ድንጋይ በቢላ አይቆረጥም። በቀጭን መሰርሰሪያና በአሸዋ ዱቄት እየፈተገ፣ እየፈተገ። ዐይኑን ጨርሶበት ይሆናል።"

"ለምን ብሎ?"

"ሰው ስለማይታመን።"

ከዚያ አስረዳችኝ። የዚያ ባሕር ዳር የጥንት ሰዎች፣ ፊንቄዎቹ፣ ማሰሮውንም ደብዳቤውንም የዕቃ ቤቱንም በር በገመድ ያስሩና ቋጠሮው ላይ ጭቃ ለጥፈው ማኅተማቸውን ያትሙበታል። ገመድ ማንም ይፈታል። የታተመው ጭቃ ግን ከተሰበረ በኋላ ያለ ባለቤቱ ድንጋይ መልሶ አይታተምም። ቁልፍ ሰው እንዳይገባ ነው፤ ማኅተም ሰው መግባቱ እንዲታወቅ ነው። ይህ ነገር ደስ አለኝ። አውሬውስ ለምንድን ነው ብላት ጠባቂ ነው አለች፤ አንበሳው ለምድሩ፣ ንስሩ ለሰማዩ።

ወደ አገሬ ልመለስ ስል ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። አልፈልግም አልኩ፤ ጮኸችብኝ፤ ተቀበልኩ። በእጇ ወረቀት ጻፈችና አነበበችልኝ። ይህችን ድንጋይ በገዛ ፈቃዴ ላስታመመችኝ ሴት ሰጥቻለሁ፣ ማንም እንዳይጠይቃት ይላል። አጣጥፋ ሰም አንጠባጠበችበትና በዚያችው ድንጋይ አተመችው። "አሁን ሌባ የሚልሽ ሰው ይህን ይክፈት፤" አለች።

የቤተሰባችን ቤት ሆሳዕና አጠገብ ነው። በእኛ ዘንድ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ሻንጣውን ራሱ አይከፍትም። ታላቅ ትከፍታለች፤ ለማን ምን እንደሚደርስ እሷ ትደለድላለች። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ስለነበርኩ እንቅልፍ ወስዶኛል። ስነሳ ሻርፖቹ ተከፋፍለው፣ ሳሙናዎቹ ተደርድረው አገኘሁ። ድንጋይዋ በጡት መያዣዬ ውስጥ ነበረች፤ እሷን ማንም አልነካት። ወረቀቱ ግን የለም።

"እትዬ፣ የታሸገ ወረቀት አላየሽም?"

"የምን ወረቀት?"

"በአረብኛ የተጻፈ።"

"አላየሁም።"

ሦስት ቀን ፈለግኩ። ገለባው ሥር፣ የላም በረት ድረስ። ከዚያ ድንጋይዋን ለሰዎች ማሳየት ጀመርኩ፤ ስሕተቴ ይህ ነበር። ባላሳያት ኖሮ የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ ወሬው ተመልሶ እኔው ጋ መጣ። አሮጊቷ ሞታ፣ ገና ሳትቀበር ከአንገቷ የፈታሁት ነው ተባለ። አሮጊቷ ግን በሕይወት ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ሳይዳ ስልክ ስደውል ያነሳው የማላውቀው ሰው ነው፤ ሞታለች፣ ቤቱም ተሸጧል አለኝ። ምስክሬ በዚያ አበቃ። ሊያገባኝ ያሰበ አንድ ባለ ሱቅ ነበር፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ ሰው። እናቱ የሬሳ አንገት የምትፈታ ሴት ቤቴ አትገባም አለች። እሱም እናቱን ሰማ። ከእህቴ ጋር ያለኝ ሒሳብ ይህ ነው።

ለምን አብረሽ ትኖሪያለሽ የሚለኝ አለ። ባሏ ጆሃንስበርግ ሲሞትባት ጠራችኝ፣ መጣሁ። ጀፕስታውን ሰፈር ብርድ ልብስና መጋረጃ የምንሸጥበት ሱቅ ፔፐሩ፣ ማለትም ፈቃዱ፣ በእሷ ስም ነው። ደንበኞቹ እኔን ጎጎ፣ አያቴ እንደ ማለት፣ ይሉኛል፣ እሷንም ጎጎ ይሏታል፤ ከዚያ ሌላ የሚያመሳስለን ነገር የለም። ወሬውም ከእኛ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቷል። የአገራችን ሰው እዚህም ያው ሰው ነውና።

የኮሮናው ሎክዳውን ሲመጣ የምግብ ሱቅ ብቻ ይከፈት ተባለ። ብርድ ልብስ አይበላም፤ ዘጋን። ሁለት አሮጊቶች በሁለት ክፍል ውስጥ ቀረን። ጠዋት በአራት ሰዓት በስልክ የጋራ ጸሎት አለ። የሚመሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ያላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። አርባ የሚሆን ሰው ይገባል። እህቴ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፤ እኔ ድንች እልጣለሁ።

በዚያ ጊዜ ነው በስልኬ ስለ ድንጋይዋ መፈለግ የጀመርኩት። እህቶቿን አገኘኋቸው፤ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የተቀመጡ፣ አንዳንዶቹ በወርቅ የታሰሩ። ባለ ክንፍ እባብ ያለባቸው አሉ፤ የሰው ፊትና የአንበሳ ገላ ያላቸው አሉ፤ አራት ክንፍ ያለው ጢንዚዛ አለ። የድንጋይዋ ዓይነት ኢያስጲድ ይባላል። ብዙዎቹ የተገኙት ከመቃብር ነው። ለማተም ብቻ ሳይሆን ክፉ እንዳይነካቸውም ያጠልቋቸው ነበር ይላል። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

በሐምሌ እህቴ ታመመች። ሐምሌ እዚህ ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው፣ አጥንት የሚፈልግ። መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ የወጥ ሽታ ጠፋባት። ከፎቃችን ሥር ሩዝና ሽንኩርት የሚሸጥ የስልጤ ልጅ አለ፤ ልጅ ልበለው እንጂ ሽበት ጀምሮታል። ጣት ላይ የሚቆነጠጥ፣ የደምን አየር የሚለካ መሣሪያ ደረጃው ላይ አስቀምጦልኝ ወደ ኋላ ሸሸ።

"እማ፣ እንዴት አደረች?"

"እንደ አመሏ።"

"ከዘጠና ከወረደ ጥሪኝ። መኪና አለኝ።"

"አንተ ከደረጃው ሥር ሆነህ ነው የምትወስዳት?"

"ወላሂ ጭምብል ሁለት አደርጋለሁ እማ፤ ግን እወስዳታለሁ።"

በሦስተኛው ቀን እህቴ ድንጋይዋ ከቤት ትውጣልኝ አለች። ጣቷ ላይ ያለው ቁጥር ዘጠና ሁለት ነበር። ሾርባ ይዤ ቆሜያለሁ።

"የምን ድንጋይ?"

"እያወቅሽ አትጠይቂኝ። ቀዳዳ ያለው፣ ክር ያለው፣ አውሬ ያለበት። ይህ ጨሌ ካልሆነ ምን ይባላል? እሱ ነው ደረቴ ላይ የተቀመጠው።"

ጨሌ በእኛ አገር ለመንፈስ የሚገበር፣ ክር የሚገባበት ዶቃ ነው። እውነቷን ነው፤ ለማያውቅ ሰው ይመስላል። በማግስቱ ለሽማግሌው ደወለችላቸው፤ ስልኩን ለእኔ ሰጠች።

"እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ተባረኪ። ያቺን ነገር ለምን አታስወግጂም?"

"አባቴ፣ ማኅተም ናት። እንደ ፊርማ ማለት ነው።"

"ፊርማ ክንፍ አለው?"

"የኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ ሲሠራ ባለሙያው ከጢሮስ ነው የመጣው። የእነዚህ ሰዎች ወገን ነው። ኪሩቤልና አንበሳ ሲቀርጽ ማንም ጨሌ ነው አላለውም።"

ከኋላቸው የሱቁ ማቀዝቀዣ ይጮሃል።

"እሱ ታዝዞ ነው የሠራው። የአንቺን ማን አዘዘ?"

ጥሩ መልስ ነበር፤ አልካድኩም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ድንጋይዋን አስረክባለሁ አልኩ፤ ነገር ግን አስቀድሞ እህቴ በጋራ ጸሎቱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድንጋይዋን እንዳልሰረቅኩ ትናገር። ሌባ ያስባለችኝ በሰው ፊት ነው፤ አይደለችም የምትለውም በሰው ፊት ይሁን።

እህቴ ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አራት ቀን አልተናገረችም። እኔም አልለመንኳት። ላብ ያረጠበውን አንሶላ እቀይራለሁ፣ ጀርባዋን በሞቀ ፎጣ እጠርጋለሁ፣ ቁጥሩን አነባለሁ፤ ዘጠና አንድ፣ ዘጠና ሁለት፣ አንዴም ዘጠና። ድንጋይዋ ግን አንገቴ ላይ ነች፤ ስጎነበስ ከፊቷ ትወዛወዛለች። በታመመች ሴት ላይ ጨከነች የሚል ካለ ይበል። ከቤት አውጥቼ ብጥላት እህቴ ትድናለች ብዬ ባምን ኖሮ አወጣት ነበር። አላመንኩም። ስለ ስሜ ግን ከዚያ የተሻለ ጊዜ እንደማይመጣ አውቅ ነበር፤ እሷ ከሞተች ወሬው ለዘላለም እውነት ሆኖ ይቀራል።

በአምስተኛው ቀን ጸሎቱ ሲያልቅ ስልኩን አቀብዪኝ አለች። ትራስ ደገፍኩላት።

"ወገኖቼ፣ ትሰሙኛላችሁ?"

"እንሰማለን እትዬ፣ በርቺ" ምናምን የሚል ድምፅ ከየቦታው መጣ።

"እህቴ ድንጋይዋን አልሰረቀችም።" ሳለች። "ሰጥተዋት ነው። ወረቀትም ነበራት። ሻንጣዋን ስከፍት እኔ አገኘሁት። በአረብኛ የተጻፈ፣ የተጣጠፈ፣ በሰም የታሸገ፤ ሰሙ ላይ ክንፍ ያለው አውሬ አለበት። ክታብ መሰለኝ። ያን ሳምንት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰዎች ክታባቸውን የሚያቃጥሉበት እሳት ነበር። ወስጄ ጨመርኩት።"

ድንቹንና ቢላዋን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"ወረቀቷ እንደሆነ ያወቅኩት ስትፈልገው ሳይ ነው። ያኔ አፈርኩ። ሰው ድንጋይዋን ከየት አመጣቻት ብሎ ሲጠይቀኝ እንጃ አልኩ። ከእንጃ ሌባ ናት ወደሚለው ሩቅ አይደለም። የቀረውን ሰው ጨመረበት፤ እኔም ዝም አልኩ። ይኸው ነው።"

ከሽማግሌው ሱቅ ውስጥ አንድ ደንበኛ "ማይ ፍሬንድ! ዳቦና የስልክ ካርድ!" ሲል ተሰማ፤ አንዱ ሳቀና ወዲያው ስልኩን ዘጋ።

ይህን ሁሉ ዓመት ወረቀቱን ሆን ብላ የደበቀችው ይመስለኝ ነበር። ቀናችብኝ እል ነበር። አረብ አገር ልትሄድ የነበረችው እሷ ናት፤ በሐኪም ምርመራ ወድቃ ነው እኔ የተላክሁት። ለካ ክታብ መስሏት ነው። የአረብኛ ጽሑፍ፣ የታሸገ፣ ባለ አውሬ፤ በእኛ ቀበሌ ማንም ሰው ቢያገኘው እሳት ውስጥ ነበር የሚጥለው። እኔም ብሆን። ቂሜ ግማሹ መሠረት አጣ፤ ደስ አላለኝም።

ያን ቀን ሴቶች እየደወሉ እኛማ አምነነው አናውቅም አሉኝ። እናንተ ካላመናችሁ ለእኔ ማን ነገረኝ አልኳቸው።

ቃሌን መጠበቅ ነበረብኝ። ሽማግሌው መንገድ እስኪፈቀድ መምጣት ስለማይችሉ ድንጋይዋ ከቤት ውጭ ትቆይ ተባለ። ወደ ታች ወርጄ የስልጤውን ልጅ አስቀምጥልኝ አልኩት። አየት አደረጋትና እጁን ከኋላው ደበቀ።

"እማ! ለናንተ ጣዖት የሆነ ለኔ ሽንኩርት ሊሆን ነው? በእኛ እኮ ይብሳል እንጂ አይሻልም!"

"ድንጋይ ናት እኮ።"

"ታዲያ ለምን ታወጪያታለሽ?"

ወደ ላይ ተመልሼ በረንዳችን ላይ ባልዲ ደፋሁባት። የእህቴ ቁጥር ቀስ እያለ ወጣ፤ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና አራት። ድንጋይዋ ስለወጣች ነው አለች። ድንጋይዋ ከመውጣቷ በፊት በነበረው ቀንም ዘጠና ሦስት ነበርሽ አልኳት።

ሽማግሌው በነሐሴ መጡ። ጭምብላቸው እስከ ዐይናቸው ደርሷል፤ በቢጫ ፌስታል መዶሻ ይዘዋል።

"ፖሊሶች አስቁመው ይህ ምንድን ነው አሉኝ። ለቤተ ክርስቲያን ነው አልኳቸው። እስከ አሁን የገባቸው አይመስለኝም።"

ድንጋይዋን ከባልዲው ሥር አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉ። ስለ እሷ ይህን ያህል ሲናገሩ ዐይተዋት አያውቁም ነበር። ቆዩ።

"የላባው መስመር ሳይቀር! ይህ የሰው እጅ ነው?"

"የሰው እጅ ነው።"

ከዚያ መዶሻውን አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉት። በእኛ ሥርዓት ጨሌውንም ክታቡንም እሳት ውስጥ የሚጥለው ባለቤቱ ነው፤ በገዛ እጁ፣ ወዶ። ሌላ ሰው ቢጥልለት እንደ መካድ አይቆጠርም።

"የአንቺ ነች፤ እህትሽ በሁላችን ፊት መስክራለች" አሉ። "ስለዚህ አንቺ ምቺ።"

"እኔ አስረክባለሁ ነው ያልኩት። ይኸው አስረክቤያለሁ። እሰብራለሁ አላልኩም።"

"የሰው ዕቃ እኔ እንዴት እሰብራለሁ?"

"የእኔን ዕቃ ሰው ሳይጠይቀኝ ሲያጠፋው የመጀመሪያ አይሆንም" አልኩና እህቴን አየኋት። ብርድ ልብሷን ወደ አገጯ ሳበች።

ሽማግሌው አሰቡ። መዶሻውን ወደ ፌስታሉ መለሱት።

"እንግዲያው ይውሰዷት" አልኳቸው። "ተረክበዋል።"

"እኔ? በመኪናዬ? ካትሌሆንግ ድረስ?"

እህቴ ሳቀች። ከታመመች ጀምሮ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ጀርባዋን መታሁላት።

"ታዲያ ለጉባኤው ምን ልበል?" አሉ ሽማግሌው።

"የሆነውን ይበሉ። መዶሻ ይዤ ሄጄ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ ይበሉ።"

ሻይ ጠጡ። ሁለት ማንኪያ ስኳር፤ ጭምብላቸውን በአንድ እጅ ከፍ እያደረጉ። ለእህቴ ጸለዩላት፣ ለእኔም ጸለዩ። ሲወጡ ድንጋይዋን ዞረው አዩዋት እንጂ ስለ እሷ ምንም አልተናገሩም። አንገቴ ላይ መልሼ አሰርኳት።

በሩን ዘግቼ ስመለስ እህቴ ዐይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ጠበቀችኝ።

"ይቅር ብለሽኛል?"

ብርጭቆዎቹን ሰበሰብኩ። እውነቱን ልንገራት ወይስ የታመመ ሰው የሚፈልገውን ልበላት ብዬ ጥቂት አሰብኩ።

"ስለ ወረቀቱ ይቅር ብያለሁ። ሳታውቂ ነው ያቃጠልሽው። ስለ ዝምታሽ ግን ገና ነኝ።"

"መቼ ትጨርሻለሽ?"

"አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወስዶብሻል። ለእኔም ጊዜ ስጪኝ።"

"እስከዚያ አልቆይም።"

"ቁጥርሽ ዘጠና አምስት ነው። ትቆያለሽ።"

ትንሽ ቆይታ እግሬ በርዶኛል አለች። ማሞቂያውን ወደ አልጋዋ አዞርኩላት።